የዥንጉርጉሩ ጠርዝ

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የጀርመን ፓንተር ታንክ ከነመድፉ 25 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። እውነተኛው ከነመድፉ 8 ሜትር ከ66 ነበር፤ ሞዴሉ የዚያ አንድ ሠላሳ አምስተኛ ነው። ቢጫ መደቡን ጨርሼ አረንጓዴውን ዥንጉርጉር ቀለም በአየር በሚረጨው ኤርብረሽ ስጀምር ጠርዙ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ተበተነብኝ። ትንሽ ነገር ይመስላል። በ35 ሲባዛ ግን 35 ሴንቲ ሜትር ጭጋግ ነው። የእውነተኛው ታንክ ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ቢደበዝዝ፣ በሞዴሉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሆንም።

ለነገሩ ጠርዙ መደብዘዙ ራሱ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1943 የጀርመን ጦር ታንኮቹ ከጥቁር ግራጫ ወደ ጥቁር ቢጫ መደብ እንዲዛወሩ አዘዘ። የወይራ አረንጓዴና ቀይ ቡኒው ደግሞ እንደ ሊጥ ወፍሮ በጣሳ ለየጦር ክፍሉ ይታደል ነበር። ታንከኞቹ በቤንዚን ወይም በውሃ እያቀጠኑ፣ ኮምፕረሰርና መርጫ ሲያገኙ በመርጫ፣ ሲያጡ በብሩሽ፣ ዥንጉርጉሩን ራሳቸው ሠሩት። ኤርብረሽ የዚያ መርጫ ታናሽ ወንድም ነው። ችግሩ፣ መሣሪያው ቢያንስም ቀለሙና አየሩ አብረውት አያንሱም።

የኤርብረሹ ጫፍ ላይ ያለው ቀዳዳ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የሾለች መርፌ ትደፍነዋለች። ቃታውን ወደ ታች ሲጫኑት አየር ይለቃል፤ ወደ ኋላ ሲስቡት መርፌዋ ትሸሽና ቀለም መውጫ ያገኛል። በቀዳዳው ዙሪያ የሚፈተለከው አየር ጫፉ ላይ ያለውን ግፊት ስለሚቀንስ ቀለሙን ስቦ ያወጣና ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይሰባብረዋል። ጠብታዎቹ እንደ ባትሪ ብርሃን እየሰፉ ይሄዳሉ፤ መሃሉ የታመቀ፣ ዳሩ የሳሳ። ስለዚህ ቀጭን ጠርዝ የፈለገ ሰው ይጠጋል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ድረስ።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ተጠግተው ግፊቱን ካልቀነሱ አየሩ ያልደረቀውን ቀለም እየገፋ የሸረሪት እግር ያወጣበታል። እኔ አንድ ባር አካባቢ አወርደዋለሁ፤ የቤት መኪና ጎማ ከሚሞላበት ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ወፍራም ቀለም አልሰባበር ብሎ እየተንጠባጠበ ይተፋል። ስለዚህ በቲነር ወተት እስኪመስል ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ደግሞ ቃታው ትንሽ ከተሳበ ይንዠቀዠቃል። አንዱን ሲነኩ ሌላው ይንቀሳቀሳል፤ እንደ በርበሬና ጨው ለየብቻ የሚጨመር አይደለም። ራቅ ብለው ቢረጩስ? ጠብታው አየር ላይ እየደረቀ ያርፍና ሲዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የእጅ አያያዝ ነው፦ የመርጫውን አፍ ከአረንጓዴው ነቁጥ ዳር ወደ መሃሉ አዘንብሎ መርጨት። የሚበተነው ጠብታ አረንጓዴው ላይ ያርፋል እንጂ ቢጫውን አያቆሽሽም።

ብዙ ሞዴል ሠሪዎች «ትንሽ ነገር ጠቆር ብሎ ይታያል» ብለው ቀለሙ ላይ ነጭ ጠብ ያደርጋሉ፤ ምክንያት አድርገው የሚያነሡትም ሩቅ ነገርን አየር ማደብዘዙን ነው። እኔም አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱ ግን አይዋጥልኝም። ሞዴሉን ከ60 ሴንቲ ሜትር ማየት እውነተኛውን ከ21 ሜትር እንደማየት ነው፤ በ21 ሜትር አየር ምን ያህል ያደበዝዛል? ታንኩ የሜዳ ፀሐይ ላይ፣ ሞዴሉ የክፍል አምፖል ሥር መሆኑ የበለጠ ያሳምነኛል።

ያን የተበተነውን ጠርዝ በመጨረሻ አልደመሰስኩትም። በውሃ የቀጠነው የታንከኞቹ ቀለም ዝናብ ሲመታው ይታጠብ ነበር። በጣም በቀጠነ ቢጫ ከላይ ወደ ታች ሁለት ሦስት ጊዜ ረጨሁበት፤ አሁን ዝናብ የመታው አረንጓዴ ይመስላል።