ወበቅ ወይስ ውርጭ? መጀመሪያ ሌሊቱን ጠይቁ

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጉደር መናኸሪያ በር ላይ ያዘኝ። ሁለት ቦታ ሥራ አግኝቶ መምረጥ አቅቶታል። አንዱ ጋምቤላ ከተማ ነው፣ ሌላው እዚሁ ዞናችን ውስጥ ጀልዱ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሁለቱንም አገር ያውቁታል። የቱ ይሻለኛል?» አለኝ። ስለ ደመወዙ የሚያማክረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የጨነቀው አየሩ ነው። እናቱ «ጋምቤላ ሙቀቱ ይጨርስሃል» ብለውታል፣ አጎቱ ደግሞ «ጀልዱ ብርዱ ያደርቅሃል»።

ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ቡና ቤት ገባን። እዚያ ያልኩትን፣ ማታ ቤቴ ገብቼ «ይህንንስ ለምን አልነገርኩትም» ካልኩት ጋር አድርጌ እነሆ።

መልሴን ከፊት ላስቀድመው። እኔ ብርዱን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ግን «ብርድ ሲሆን ይደረባል፣ ሙቀት ሲሆን ቆዳ አይገፈፍም» የሚለው የተለመደ ነገር አይደለም። አባባሉ እውነት ነው፣ የሚደርበው ላለው ሰው። ደጋ ላይ ክረምቱን በአንድ ያረጀ ነጠላ የሚገፋ ሽማግሌ ያየ ሰው እንዲህ አፉን ሞልቶ አይናገረውም። የእኔ ምክንያት ሌሊቱ ነው።

ጋምቤላ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ቀኑን ለመድኩት። ሰውነት በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙቀት ይለምዳል፤ ላቡ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ ጨዉን ይቆጥባል፣ ልብ መምታቷን ታረጋጋለች። ሌሊቱን ግን አልለመድኩትም። ተከራይቼ የነበረው ቤት ቆርቆሮ ነበር። የካቲትና መጋቢት ላይ ቀኑ 40 ዲግሪ አካባቢ ይውላል፤ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ግድግዳውን በመዳፌ ስነካው ገና እንጀራ እንደወጣለት ምጣድ ይሞቃል። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል። ያኔ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ፣ አጎበሬን ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አስሬ፣ አንሶላዬን ውሃ ነክሬ ጨምቄ እለብሰዋለሁ። በሃያ ደቂቃ ይደርቃል። እስኪደርቅ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል።

መጀመሪያ ዓመት ላይ «ዝናቡ ሲገባ እገላገላለሁ» እል ነበር። ዝናቡ ገባ፣ ዲግሪው ወረደ፣ እኔም ባሰብኝ። አንሶላው አልደርቅ አለ። ጠዋት ስነሳም እንደረጠበ ነው፣ እኔም እንደዚያው። ወበቅ የሚባለው ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

ላብ በመውጣቱ ብቻ አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ሙቀቱን ከቆዳ ላይ ይዞ የሚሄደው እንፋሎቱ ነው። አየሩ ራሱ በእንፋሎት ከጠገበ ግን ላቡ መሄጃ የለውም፣ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። ለዚህ ነው ሙቀትና ወበቅ አንድ ያልሆኑት። ድሬዳዋ ትሞቃለች፣ ምጽዋና ጂቡቲ ግን ከሙቀቱ በላይ ይወብቃሉ። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ቴርሞሜትር ነው። ያ ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ካሳየ፣ ጤነኛ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ እየጠጣም ቢሆን ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቆማል ተብሎ ይወሰዳል።

እንፋሎት ሌላም ሥራ አለው። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ማታ ወደ ሰማይ ትመልሳለች። እርጥበት ያዘለ አየር እንደ ጋቢ ይሸፍናትና ሙቀቱን ያስቀርባታል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ በበጋ ደግሞ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይወጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀን አናት የሚበሳ ፀሐይ የወጣበት ማሳ ሌሊቱን ውርጭ የሚያድርበት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ጀልዱ ለለቅሶ ሄጄ አድሬ ጠዋት ስወጣ ሣሩ ነጭ ነበር፣ ከደጅ ያደረው የመታጠቢያ ሳህን ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ተጋግሯል። የድንቹ ቅጠል የፈላ ውሃ እንደደፉበት ጠቁሮ ተኝቷል። ባለቤቱ ቆመው ሲያዩት ቆዩና «አቃጠለው» አሉ። ብርድ ሲያቃጥል ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ግን ያ ሁሉ ውርጭ የለም። ሰው ካፖርቱን አውልቆ ፀሐይ ይሞቃል። የእኛ አገር ብርድ ሰዓት ያከብራል፤ ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ይሄዳል። የብርድን ነገር ሳወራ የማወራው ይህንን መሆኑን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከፍታና ሙቀት እዚህ አገር በተቃራኒ ነው የሚሄዱት። መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ላይ ናት፣ ጉደር ደግሞ 2000 ሜትር አካባቢ። ሒሳቡን ብትሠሩት ልዩነቱ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ይወጣል። እናቴ ለጋምቤላው ኑሮዬ በቆርቆሮ ጣሳ የላከችልኝ ቅቤ ሲደርሰኝ ዘይት ሆኖ ነበር፣ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ነው የቀዳሁት። ጀልዱ ያው ቅቤ ጠዋት ጠዋት እሳት ዳር ካልተቀመጠ ቢላ አይገባውም።

የእኛ ዞን ሰው ይህን ለማየት ጋምቤላ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከጉደር ወደ ነቀምት መንገድ ውጡ። ጌዶ ላይ ትደርባላችሁ፣ ከዚያ እየወረዳችሁ ባኮ ስትደርሱ (1650 ሜትር አካባቢ ነው) ጃኬቱ ክንዳችሁ ላይ ነው፣ ማንጎ ይሸጥላችኋል። ወደ ደቡብ ዞራችሁ ወንጪ ብትወጡ ደግሞ ተራራው ከ3300 ሜትር በላይ ነው፤ እንሰትና ገብስ፣ ብርድና ጭጋግ። ለቆላው በኦሮምኛ ገሞጂ እንላለን። ሽማግሌዎች «ገሞጂ ወረደ» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ሐዘን አለች፣ ሰውየው የሄደው ለማሽላ ቢሆንም።

ሐዘኗ የመጣችው ከሙቀቱ አይደለም። አያቶቻችን ደጋ ላይ የተጨናነቁት ብርድ ወደው አልነበረም፤ ንዳድን ፈርተው ነው። ቆላ የወረደ ሰው ወባ ይዞ ይመለሳል፣ ወይም አይመለስም፤ ከብቱን ደግሞ ገንዲ ይጨርስበታል። ደጋውም ቢሆን ሁልጊዜ አላስጣለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 መጀመሪያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። የመታው ደግሞ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ያለውን፣ በሽታውን ያልለመደውን አገር ነው። ጉደርን እዚህ ውስጥ አስገቧት፤ ትገባለች። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ ደጋ ተነስተው ጋምቤላ፣ አሶሳና ፓዊ ከሰፈሩት ወገኖቻችን ስንቱ በወባ እንዳለቀ ጋምቤላ ሳለሁ ከአንድ አብሮኝ ከሚያስተምር የሰፋሪ ልጅ ሰምቻለሁ። እሱ ስለ ሙቀቱ ምንም አላለኝም።

ብርድም የራሱ ዕዳ አለው፤ ማገዶ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን የቆረቆሩት በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አዲሲቷም ከተማ ዙሪያዋን ያለውን እንጨት በላች። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ቦታው አዲስ ዓለም ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከጊንጪ በኋላ የምታልፉባት። ባሕር ዛፍ ተተክሎ ቶሎ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ ለጉዳይ የምንመላለሰው እዚያ ድረስ ብቻ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ዛሬም ደጋ ላይ ያለች እናት በሩን ዘግታ እሳት ዳር ስትቀመጥ ሙቀቱን የምትከፍለው በዓይኗና በሳንባዋ ነው። ብርድ እመርጣለሁ ስል ጭሱን ረስቼ አይደለም።

የውጭውን ደግሞ ከቤቴ ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ ጅዳ ናት፣ የአጎቴ ልጅ ሚኒያፖሊስ። ጅዳ በነሐሴ ቀኑ 38 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊቱ ራሱ 28 አካባቢ፣ ከቀይ ባሕር የሚመጣው ወበቅ ሳይቆጠር። እህቴ ግን ስትደውል የምታማርረው ጉንፋን ነው። የአሠሪዋ ሳሎን በኤሲ እንደ ጀልዱ ቀዝቅዟል፣ ወጥ ቤቱ እንደ ጋምቤላ ይጋያል፤ ቀኑን ሙሉ በሁለቱ መካከል ስትመላለስ ትውላለች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ የሆነበትን ቀን እስካሁን ያወራል፤ መኪናው ጋ እስኪደርስ ሽፋሽፍቱ ተጣብቆበት ነበር። ያንኑ ዕለት ማታ በቪዲዮ ሲደውልልን በካናቴራ ነበር። መሐል ከተማቸው ውስጥ ሰው ደጅ ሳይወጣ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሄድባቸው በመስታወት የተሸፈኑ ድልድዮች አሉ፣ ርዝመታቸው ሲደመር 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ከጉደር ተነስቶ አምቦን አልፎ መሄድ ነው፣ በኮሪደር።

ሁለቱንም «ቤታችሁን ስንት ዲግሪ ታደርጉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እሷ 22 አለች፣ እሱ 21። በአንዷ ቤት ለማቀዝቀዝ፣ በአንዱ ቤት ለማሞቅ የሚከፈለው ገንዘብ መጨረሻው ያው ነው፤ ጉደር ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በነፃ ያለው አየር። አባቶች ወይና ደጋ ያሉት ለወይን የሚስማማውን ደጋ ነው ይባላል። ጉደር ደግሞ ስሟ በቀይ ወይን ጠርሙስ ላይ የተጻፈ፣ የወይን ማሳ ያላት ከተማ ናት። ይህን ለሁለቱም ነገርኳቸው። እህቴ ሳቀች። የአጎቴ ልጅ «ደመወዙስ?» አለኝ።

የሚኒያፖሊስን ብርድ ስሰማ ምርጫዬን ማጥበብ ነበረብኝ። ያ ብርድ ሦስት ሰዓት ላይ አይሄድም፣ አምስት ወር በር ዘግቶ ይቀመጣል። እኔ የምመርጠው የእኛን ብርድ ነው፤ ቡልኮ ሥር አስገብቶ የሚያስተኛውን፣ ጠዋት ለፀሐይ ቦታ የሚለቀውን። ወበቅ የሚወስድብህ እንቅልፍህን ነው። እንቅልፍ ያጣ አስተማሪ ክፍል ገብቶ ምን እንደሚመስል የጋምቤላ ተማሪዎቼ ያውቃሉ፤ ከዚሁ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ስለዚህ ልጁን እንዲህ አልኩት። አገር ስትመርጥ «ቀኑ ስንት ዲግሪ ነው?» ብለህ አትጠይቅ፣ ቀኑን ሥራ ላይ ሆነህ ታሳልፈዋለህ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስንት እንደሆነ ጠይቅ። ቤቱ ሣር ነው ቆርቆሮ? ኮርኒስ አለው? መብራት ስንት ቀን ይጠፋል? ወባ አለ? ደጋ ከሆነ ደግሞ ማገዶው ምንድን ነው፣ ጭሱስ በየት ይወጣል?

በደንብ ሰማኝ። ቡናውን ጨረሰና ጋምቤላን መረጠ። «ጋሼ፣ እዚያ እኮ የበረሃ አበል አለው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለሙቀት አበል ሲከፈል አውቃለሁ፣ ለጀልዱ ብርድ ሲከፈል ግን ሰምቼ አላውቅም። አጎበር ገዝቼ ሰጠሁትና ባለፈው ሰኞ ሄደ።

ትናንት ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። «ጋሼ፣ ተኝተዋል እንዴ?» አለኝ።

ተኝቼ ነበር።