የፖቶስ ሐረግ አያያዝና በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ፖቶስ በመኖሪያ ቤቶችና በቢሮዎች ከመደርደሪያ ወደ ታች ወርዶ የሚታይ፣ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው የጌጥ ሐረግ ነው። መነሻው በደቡብ ፓስፊክ የምትገኘው የሞሬአ ደሴት እንደመሆኗ ሙቀት ይስማማዋል፤ በመሆኑም በደጋ አካባቢ ሌሊት ከሚቀዘቅዝ መስኮት አርቆ ማስቀመጥ ይመረጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ተክሉን በአብዛኛው የሚገድለው የውሃ እጥረት ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙዎች ተጠምቷል በሚል ግምት ውሃ ይጨምሩለታል። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ግን ሥሩ መበስበስ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ማጠጣቱን ማቆም ይገባል። ከማጠጣት በፊት ጣትን ወደ አፈሩ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብቶ መድረቁን ማረጋገጥ ይበቃል፤ በክረምት አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ የማጠጫው ጊዜ ይራዘማል። መትከያው ከሥሩ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ሊኖረው የግድ ነው።

ለማባዛት ቢያንስ አንድ አንጓ ያለው ቁራጭ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ በጥቂት ሳምንታትም ሥር ያወጣል። አንጓ የሌለው ቅጠል አዲስ ሐረግ አይሆንም።

የፖቶስ ቅጠልና ግንድ መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ስላሉት ሲታኘክ አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ድመትና ውሻንም ይጎዳል። ከፍ አድርጎ መስቀል ብቻውን አያስተማምንም፤ ሐረጉ እያደገ ሕፃናት ወደሚደርሱበት ስለሚወርድ በየጊዜው ሊቆረጥ ይገባል። ሕፃን ቢያኝክ የቀረውን ከአፉ አውጥቶ አፉን በውሃ ማጠብ፣ የመዋጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየበትም ሳይዘገዩ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።