ስለ ራስበሪ ፓይ እና ስለ ብሉቱዝ ኪዳን

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የተቋቋመው የራስበሪ ፓይ ፋውንዴሽን፣ ልጆች የኮምፒውተርን ጥበብ ከመሠረቱ እንዲማሩ በማሰብ፣ ስፋቷ ከባንክ ካርድ ብዙ የማይበልጥ፣ ዋጋዋም የማይከብድ አንዲት ኮምፒውተር አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ መሣሪያዪቱ ኪቦርድም ስክሪንም የሌላት ባዶ ሰሌዳ ነበረችና ባለቤቷ የጎደላትን ሁሉ በሽቦ እየቀጠለ ይሠራባት ነበር። በ2016 የወጣችው ሦስተኛዪቱ ትውልድ ግን ዋይፋይንና ብሉቱዝን በውስጧ ይዛ ስለ መጣች፣ ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱም፣ ማውሱም፣ ስፒከሩም ያለ ሽቦ ይታዘዙላት ጀመር። ይህ ጸጋ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ትናንት ተስማምተው የዋሉት መሣሪያዎች ዛሬ የማይተዋወቁ የሚሆኑበት ጊዜ ስላለ፣ ምስጢሩን ላልመረመረ ሰው ነገሩ እጅግ አድካሚ ነው።

በዚህን ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ነው፤ እኔ ግን ከእክሎቹ የሚበዙት የዕቃ ብልሽት ሳይሆኑ የመዝገብ አለመስማማት መሆናቸውን አጥብቄ አምናለሁ፤ ይህንም ለማስረዳት የትውውቁን ሥርዐት ከጥንቱ መጀመር ያስፈልጋል።

እያንዳንዱ የብሉቱዝ መሣሪያ ከሌላው የሚለይበት የ48 ቢት አድራሻ አለው። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተዋወቁ በመካከላቸው ርዝመቱ 128 ቢት የሆነ ምስጢራዊ ቁልፍ ያበጃሉ፤ ቁልፉንም እያንዳንዳቸው ከባልንጀራቸው አድራሻ ጎን በየማኅደራቸው ጽፈው ያኖሩታል። ከዚያ በኋላ በተገናኙ ቁጥር ትውውቁን እንደገና አይጀምሩትም፤ ቁልፉን ራሱን ወደ አየር ሳያወጡት፣ በእጃቸው መኖሩን በስሌት እየተፈታተኑ አንዱ ለሌላው ያረጋግጣል እንጂ። እንግዲህ ነገሩ ሁለት ሰዎች በኅቡእ ከተማማሉት ቃል ኪዳን አይለይም፤ አንደኛው ቃሉን የረሳ እንደ ሆነ፣ የሚያስታውሰው በቀድሞው ምልክት ይጣራል፣ የረሳውም ባዕድ ነህ ብሎ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም ደኅነኞች ሳሉ አይገናኙም።

በራስበሪ ፓይ ይህ ዐይነቱ መርሳት በተለይ ይበዛል፤ ምክንያቱም ይህች ኮምፒውተር ሊኑክስ የተባለውን ሲስተሟንም ሆነ መዝገቧን የምትይዘው ብዙውን ጊዜ በጥፍር መጠን ባለች ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። የብሉቱዝ ቁልፎቹም በዚያችው ካርድ ውስጥ ይጻፋሉ፤ አድራሻዋ ግን የካርዱ ሳይሆን የሰሌዳው ነው። ስለዚህ ባለቤቷ ካርዱን አውጥቶ ሌላ ሲያስገባ ወይም ሲስተሙን እንደ አዲስ ሲጭን፣ አድራሻዋ ያው ሆኖ ትዝታዋ ይጠፋል፤ ኪቦርዱ የማውቃት ናት ብሎ ሲቀርባት እርሷ አታውቀውም።

መድኀኒቱ ኪዳኑን ከሁለቱም ወገን ማፍረስና እንደ አዲስ መግባት ነው። ብዙዎች በሊኑክሱ የብሉቱዝ ማዘዣ ፕሮግራም ውስጥ ሪሙቭ በሚለው ትእዛዝ ከኮምፒውተሯ መዝገብ ላይ ብቻ ይሰርዙና ይደክማሉ፤ በኪቦርዱ ወይም በጆሮ ማዳመጫው በኩል ያለው መዝገብም መደምሰስ አለበት፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የብሉቱዙን ቁልፍ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ እስኪል ድረስ ተጭኖ በመያዝ ይሆናል። የጆሮ ማዳመጫው ቀድሞ የተዋወቀው ስልክ በአጠገቡ ካለ ብሉቱዙን መዝጋት ይገባል፤ የጆሮ ማዳመጫ እንደ ተከፈተ ወደ ለመደው ስልክ ስለሚሮጥ፣ ለአዲሱ ፈላጊ አይታይምና።

ኪቦርድ በሚተዋወቅበት ጊዜ አንድ ስፍራ አለ፣ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት። ኤጀንት የሚባለው አገልግሎት በርቶ ፔር የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ፣ በስክሪኑ ላይ ስድስት አኃዝ ብቅ ይላል፤ ቁጥሩም መጻፍ ያለበት ገና ባልተገናኘው በዚያው በአዲሱ ኪቦርድ ላይ ነው፤ ጽፎም ኢንተርን መጫን ነው። ሲጽፉ በስክሪኑ ላይ አንድም ነገር ስለማይታይ፣ ሰው ቁልፎቹ የማይሠሩ መስሎት እጁን ይሰበስባል፤ ጊዜውም ያልፍና ትውውቁ ይከሽፋል።

ትውውቁ ከሠመረ በኋላም ትረስት የሚለውን ትእዛዝ መስጠት አይዘንጋ። መተዋወቅ ሌላ፣ መታመን ሌላ ነው፤ ያልታመነ መሣሪያ ኮምፒውተሯ ጠፍታ ስትበራ ተመልሶ ሊገባ ሲሞክር ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ፈቃጅ በአጠገቡ ከሌለም ከደጅ ይመለሳል።

መዝገቡ ተስማምቶ ሳለ ግንኙነቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የአየሩ ነው። የተለመደው ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባሉ 79 መሥመሮች መካከል በሴኮንድ 1,600 ጊዜ እየዘለለ ይነጋገራል፤ ድንቅ አሳብ ነው፤ ተዋናይቷ ሄዲ ላማር ከሙዚቃ ደራሲው ከጆርጅ አንታይል ጋር ሆና፣ ጠላት የቶርፔዶውን መምሪያ እንዳያውክ በ88 ሞገዶች መካከል የሚዘልል ዘዴ ፈጥራ በ1942 የፈጠራ መብት ተቀብላበት ነበር። ይሁን እንጂ ብሉቱዝ በሚዘልልበት ሞገድ ዋይፋይም ይሠራል፤ ዩኤስቢ 3 የሚባለው መሰኪያና ሽቦውም በዚያው አካባቢ ሁከት ይረጫል። ስለዚህ ውጫዊ ሃርድ ዲስክን ከሰሌዳው ራቅ ማድረግ፣ ሰሌዳዪቱንም አንቴናዋን ከሚጋርድ የብረት ሣጥን ማውጣት ጠቃሚ ነው። ቻርጀሩም ይታይ፤ አራተኛዪቱ ትውልድ 3 አምፔር ትፈልጋለችና ደካማ የስልክ ቻርጀር አይበቃትም።

በመጨረሻም፣ ስፒከሩ ተገናኝቷል ተብሎ ድምፅ የማይሰማበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ ብሉቱዙን መፈታተን ከንቱ ድካም ነው፤ ድምፁ በኤችዲኤምአይ ሽቦ ወደ ስክሪኑ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል፣ የድምፁን ምልክት በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ፣ ከሚወጣው ዝርዝር የስፒከሩን ስም መምረጥ ነው።