ሰማዩም «ቤቶች!» ይባላል

የመካነ ብርሃን ልጅ የሆነ ጓደኛ አለኝ። አዲስ አበባ ላይ ሻይ በጠጣን ቁጥር «ገንዘብ ባገኝ አሮጌ አውሮፕላን ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ከች እል ነበር» ይለኛል። እናንተስ ተመኝታችሁ አታውቁም?

ቅዠት እንዳይመስላችሁ፤ ያደረጉት አሉ። ኅዳር 2009 ዓ.ም. አንድ ቡድን ፈረንጆች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩ አውሮፕላኖች ከቀርጤስ ደሴት ወደ ኬፕታውን ተነሱ። ነፋስ ፊታቸውን እየገረፈው በረሩ። ግብፅ ውስጥ ፒራሚዶቹ አጠገብ አርፈው ጉድ አሰኙ።

ጋምቤላ ሲደርሱ ግን ጉዞው ቀጥ አለ! የሲቪል አቪዬሽን ሰዎች «በሕገወጥ መንገድ ገብተዋል» አሉ። ሁለት ቀን ያህል ተይዘው ተለቀቁና ታኅሣሥ ላይ ደቡብ አፍሪካ ገቡ።

እና ጓደኛዬን ምን ልምከረው?

አንደኛ፣ አቅምህን እወቅ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1931 መብረር የጀመረችው ታይገር ሞዝ ከ4,100 ሜትር ብዙም አታልፍም። የአገርህ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ይበልጣል። በላዩ ልለፍ ብትል አለቀልህ፤ በጎን ዙር።

ሁለተኛ፣ ጎንደር አፄ ቴዎድሮስ ማረፊያ ውረድና የቀረውን በመኪና ጨርስ። እናትህ የሚፈልጉት አንተን እንጂ አውሮፕላኑን አይደለም።

ሦስተኛና ዋናው፣ ከመነሳትህ በፊት ፈቃድህን በእጅህ አድርግ። እኛ አገር እንኳን ሰማይ፣ የጎረቤት ግቢም «ቤቶች!» ሳይባል አይገባም።