ካንሰር የያዘውን ወገናችንን እንዴት እናስታምም?



ከዘመሮ ተነሥቶ ካንሰር ለሚታከም ሰው መንገዱ ረጅም ነው። ወደ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳል። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ ነበር፤ አሁን በጅማና በሌሎችም ከተሞች ተጀምሯል።

በዚህ መንገድ ላይ ታማሚዋን የሚከተል አስታማሚ አለ። ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለእርሱ ነው። እርሱም እንዳትደነግጥ ብሎ ይደብቃታል።

እኔም በዚህ ስሕተት ተካፍያለሁ። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያስወጣች እኅት ልጠይቅ ስሄድ ቤተሰቧ በር ላይ ይዘው፣ “ፓስተር፣ ካንሰር መሆኑን አታውቅም፤ አደራ” አሉኝ። እሺ አልኩ። ገብቼ ጸለይኩ፣ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ አወራን። ልወጣ ስል እጄን ይዛ፣ “እርስዎም ይዋሹኛል?” አለችኝ። ለካስ ታውቅ ኖሯል፤ ያጣችው የሚያወራት ሰው ነበር።

መደበቅ የሚጎዳው ስሜትን ብቻ አይደለም። በቀዶ ሕክምና የወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል። ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር ያስፈልጋት እንደሆነ፣ በየቀኑ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚዋጠው ታሞክሲፈን ይስማማት እንደሆነ ሐኪሙ የሚያውቀው ከዚህ ውጤት ነው። “ትንሽ እባጭ ነው፣ ወጥቶልሻል” የተባለች ሴት ታዲያ ጠጉር የሚያረግፍ መድኃኒት ለመውሰድ በየ21 ቀኑ ከመንዝ አዲስ አበባ ለምን ትመላለስ? ታቋርጠዋለች። እውነቱን ባታውቅ ማን ይፈርድባታል?

ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቋት፤ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ በሏት። “ወንድሜ ይስማ፣ እርሱ ይወስን” ካለች ይህም የራሷ ውሳኔ ነው፣ አክብሩላት። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ የተባለውንም ጻፉ። የደነገጠ ሰው ከሚነገረው ብዙውን አይሰማም።

ወደ ቤት ስትመለስ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ካለ በየቀኑ የወጣውን መጠን መዝግቡ። በተቆረጠው በኩል ያለውን ክንድ ሐኪሙ እንዳሳያት ቀስ እያለች ታንቀሳቅሰው፤ ጀሪካን ግን ሌላ ሰው ይሸከም። ኬሞቴራፒ ከወሰደች በኋላ፣ በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሰውነቷ ኢንፌክሽንን የሚከላከልበት ኃይል ያን ጊዜ ዝቅ ይላል። በሌሊት መኪና የሚያገኝላችሁን ሰው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ለአገልጋዮች። “ተፈውሰሻል፣ መድኃኒቱን ጣዪ” የሚል ቃል ከአፋችን አይውጣ። እግዚአብሔር ይፈውሳል፣ ይህን ከልቤ አምናለሁ። ነገር ግን ሕዝቅያስ የመፈወስ ተስፋ ከተነገረው በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ እንዲደረግ አዝዟል (2ኛ ነገ. 20፥5-7)። ጌታ ፈውሷት ከሆነ በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙም ያየዋል።

በመጨረሻ የገንዘብ ነገር። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ሕሙማን ማረፊያ ይሰጣል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ቦታ እንዳለ ጠይቁ። የመኪናውን ወጪ ቤተ ክርስቲያን ትቻል። ብዙ ጊዜ የምንረሳው ግን ቤት የቀረውን ነው። በጎቹን የሚያግድ፣ ልጆቹን የሚያበላ፣ ገብሱን የሚያጭድ ሰው ካላገኘች ቀጠሮዋን ትተዋለች። እሑድ ከጸሎት በኋላ ማን የትኛውን ሳምንት እንደሚይዝ ስም ጽፋችሁ ዝርዝሩን ለእርሷ ስጧት።