ያላለቀው ነገር በእንግሊዝኛ

«ባንክ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ» የሚል ሰው ዛሬም እዚያው ሊሆን ይችላል፤ ለቆም ሊሆን ይችላል። አማርኛው ልዩነቱን ለአውዱ ይተወዋል፤ እንግሊዝኛ ግን በግሱ ይለየዋል። «አይ ወርክድ ዜር ፎር ፋይቭ ይርስ» ካለ ሥራው አብቅቷል። «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ካለ ግን ዛሬም አለ። ብዙዎቻችን «እየሠራሁ ነው»ን ይዘን «አይ አም ወርኪንግ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» እንላለን፤ ይህ ግስ አሁንን እንጂ ያለፉትን ዓመታት ስለማይሸፍን ጆሮ ይቆረቁራል።

«ዋናው መግባባት ነው» የሚሉ አሉ። በወሬ መሀል እውነት ነው፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ግን «ወርክድ» ያለ አመልካች ሳያስበው ሥራ የለቀቀ ይመስላል። እንደ «ሃቭ ቢን ወርኪንግ» «ሃቭ ቢን»ን እና «ኢንግ»ን በየግሱ ማስገባትም መፍትሔ አይሆንም፤ እንደ «ኖው» ያሉ የማወቅ ግሶች «ሃቭ ኖውን» ብለው ይቆማሉ እንጂ «ኢንግ» አይቀበሉም። ስለዚህ ግሱን ከመምረጥ በፊት ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ነገሩ መቼ ጀመረ? ዛሬስ ቀጥሏል?