ካምፓላ ላይ ዛፍ አይተኛም

ስለ ቦንሳይ፣ ማለትም በሸክላ ውስጥ እየተከረከመ አጥሮ ስለሚያድግ ዛፍ፣ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የመጣው ብርዱ ከበድ ከሚልባቸው አገሮች ነው። ጃፓን ውስጥ ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በብርዱ ይተኛል፣ ሲሞቅ ያቆጠቁጣል፤ ባለቤቱም ሥራውን ከዚያ ጋር ያስኬዳል። ምክሩ ለዚያ አገር ትክክል ነው። ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር፣ በረንዳ ላይ፣ ከምድር ወገብ አፍንጫ ሥር፣ እንዳለ ሲሠራበት ግን ዛፍ ይገድላል።

ከሁሉ የከፋው "ቦንሳይ በየዓመቱ ብርድ ካላገኘ ይሞታል" የሚለው ነው፤ የከፋው ደግሞ ግማሽ እውነት ስላለው ነው። የጃፓን ሜፕልና ላርች በእርግጥ ለሳምንታት የዘለቀ ብርድ ይፈልጋሉ፤ ካላገኙ ከዓመት ዓመት እየደከሙ ይሄዳሉ። ካምፓላ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑም ሌሊቱም ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ነው፤ ዛፉ "ብርድ እየመጣ ነው" ብሎ የሚዘጋጅበት ምልክት የለውም። ለዚህ መላ ተብሎ "ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት" የሚባለውም አያዋጣም። ቅጠሉ ሙሉ የሆነን ዛፍ ከ25 ዲግሪ አንሥቶ በአንዴ 4 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ መክተት ማስተኛት አይደለም፣ ማስደንገጥ ነው። ለዋርካ ወገኖችና ለቡገንቪሊያማ ጭራሽ መርዝ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ካምፓላ ላይ ሜፕል መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በተለይ ሙቱባ እያለ! ሙቱባ የዋርካ ዘመድ ነው፤ አማራ ክልል ገበሬው ለከብት መኖ የሚቆርጠው ቺብሃም የቅርብ ዘመዱ ነው። የኡጋንዳዎቹ ባጋንዳዎች ከሙቱባ ልጥ ጨርቅ ይሠራሉ፤ ዩኔስኮም ይህን ጥበብ በ2005 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት አውቆታል። ለእኛ የሚጠቅመን አሠራሩ ነው፦ ልጡ የሚገፈፈው በዝናብ ወቅት ነው፤ የተራቆተው ግንድም በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቆያል፣ ልጡም መልሶ ይበቅላል። እርጥብ አየር የቆሰለ ዛፍ እንደሚያድን ልጥ ገፋፊዎቹ ቦንሳይ የሚባል ነገር ሳይሰሙ ያውቁ ነበር።

"ዕቃ የሚቀየረው በመጋቢት ብቻ ነው" የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ጃፓኖች መጋቢትን የመረጡት ዛፉ ከእንቅልፉ ሊነቃ ሲል ስለሆነ ነው። ካምፓላ ላይም መጋቢት ይሠራል፤ ግን በሌላ ምክንያት፦ ዝናቡ የሚጀምረው ያኔ ነው። መስከረም ላይም ሌላ ዝናብ ስለሚገባ ያኔም ይቻላል። ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ውኃ መሳብ ይቸግረዋል፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ከቅጠሉ የሚተነው ይቀንስለታል። መሸሽ ያለበት ደረቁን ጥርና የካቲትን ነው።

"ዕቃ መቀየር ማለት ወደ ትልቅ ዕቃ ማዛወር ነው" የሚሉም አሉ። ቦንሳይ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ገበቴ መሳይ ሸክላው ይመለሳል፤ የሚለወጠው አፈሩ ነው፣ የሚያጥረውም ሥሩ። ሙቱባውን ስታወጡት ሥሩ የሸክላውን ቅርጽ ይዞ ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ። በቀጭን እንጨት ከዳር ወደ ውስጥ እያበጠራችሁ ፍቱት። ዙሪያውን የዞረውን ወፍራም ሥር በስለታም መቀስ ስትቆርጡት ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ አትደንግጡ፣ ወዲያው ይረጋል። ከሥሩ ሲሶ ያህል ቢወጣ ይበቃል፤ ጸጉር የመሰሉት ቀጫጭኖቹ ይቆዩ፣ ውኃ የሚስቡት እነሱ ናቸው። በሸክላው ቀዳዳ በኩል ባሳለፋችሁት ሽቦ አስራችሁ አቁሙት፤ የሚወዛወዝ ዛፍ አዲስ ሥር አይይዝም። ከዚያ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይቀመጥ፤ የካምፓላ ዶፍ ጥልቀት ከሌለው ሸክላ ላይ አፈሩን ጠራርጎ ይወስዳል። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቆይ።

አፈሩስ? "ቀዩ የካምፓላ አፈር ሙዝ ያበቅል የለ፣ ለዚህማ ምን ያንሰዋል" ይባላል። መሬት ላይ አዎ። ሸክላ ውስጥ ግን ይጠቀጠቅና አየር ይከለክላል፤ ሥሩም ይበሰብሳል። የጡብ ስባሪ ፈጭቶ፣ በወንፊት ዱቄቱን አውጥቶ ከጥቂት ብስባሽ ጋር መቀላቀል ይሻላል፤ ጡብ ደግሞ በከተማዋ ዳርቻ ሁሉ ይተኮሳል።

ቦንሳይ የተለየ ዘር ነው ብለው "የቦንሳይ ዘር" የሚሸጡላችሁን እለፏቸው። ማንኛውም ዛፍ ነው፤ የሚያሳጥረው መቀሱ ነው።

ዛፉ አገር ሲቀይር ግን ሒሳቡም ይቀየራል። ካምፓላ በነፃነት የኖረ ሙቱባ አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅጠሉ ቢረግፍ አይገርምም፤ ያኔ ዕቃ አይቀየርለትም፣ ውኃም ይቀነስለታል። ለአዲስ አበባ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሞቃት ጊዜ ይሻላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ቢኖርም ብርዱና ደመናው ሥሩን ያዘገዩታል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ውርጭ አለ፤ ሸክላ ውስጥ ያለ ሥር መሬት ውስጥ እንዳለው የሚሸፍነው የለም፣ ስለዚህ ማታ ማታ ቤት መግባት አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ ቦንሳይ ለሚጀምር ሰው የሐበሻ ጥድና ወይራ ይቀሉታል፤ ደጋውን ለምደውታል።